መጀመሪያ ገልብጡት፦ ኦሪጅናል የአሜሪካ ወታደር ጃኬት እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይያዛል

ቦንዳ ተራ ነው። ሻጩ ጃኬቱን ከክምሩ መሃል መዝዞ አወጣና ሁለቴ አራገፈው። «አለቃ፣ ይሄ ቬትናም የዘመተ ነው። ኦርጅናል! የትም አታገኘውም» አለኝ።

ሲያዩት ያምራል። አረንጓዴ፣ አራት ኪስ፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ፣ ትከሻው ላይ የክፍለ ጦር ምልክት። እኔ ግን ምልክቱን ትቼ ገለበጥኩት። አንገቱ ሥር ሌብል የለም፤ በመቀስ ተቆርጦ ጫፉ ብቻ ስፌቱ ውስጥ ቀርቷል። የጎን ስፌቱ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ የምታብረቀርቅ ጨርቅ ተሰፍታለች፤ እንዴት እንደሚታጠብ በሦስት ቋንቋ ትናገራለች። ቬትናም ለዘመተ ወታደር በሦስት ቋንቋ የማጠቢያ መመሪያ የሰጠው ማን እንደሆነ እንጃ። ጃኬቱን ለሻጩ አሳየሁት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

ከውጭ ያለው ነገር ሁሉ ሊሰፋ፣ ሊነቀል፣ ሊቀየር ይችላል። ውስጡን ለመቀየር የሚደክም ሰው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚጀምረው ጃኬቱን ከመገልበጥ ነው። ሲገዛም፣ ሲታጠብም፣ ሲጠገንም።

የትኛው ጃኬት ነው?

የወታደር ጃኬት ብዙ ዓይነት አለው። እዚህ የማወራው ስለ አሜሪካ ጦር የሜዳ ጃኬት ነው፤ በብዛት የሚገኘውም በብዛት የሚኮረጀውም እሱ ነው። አራት ወንድማማቾች ናቸው ብላችሁ ያዙት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታላቁ ኤም-43 ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልጅ። ዚፕ የለውም። ከላይ እስከ ታች የሚዘጋው በቁልፍ ሲሆን ቁልፎቹ በጨርቅ ስለተሸፈኑ ከውጭ አይታዩም። ጨርቁ ንፋስ የማያስገባ ጥብቅ ጥጥ ነው። ወገቡ ላይ ከውስጥ የሚሳብ ገመድ አለው። የሠሩት ሰዎች ሐሳብ ቀላል ነበር፦ አንድ ከባድ ካፖርት ከመሸከም ከሥር ሹራብ እየደረቡ ከላይ ንፋስ የሚመልስ ነገር መልበስ። የኋለኞቹም ከዚህ ሐሳብ አልወጡም። ለዚህ ነው እነዚህ ጃኬቶች ሁሉ ሰፋ የሚሉት።

ኤም-50 ያው ኤም-43 ነው ማለት ይቻላል። ከውስጥ በቁልፍ የሚያያዝ ገበር ነው የተጨመረለት። ኤም-51 ላይ ዚፕ መጣ። ከዚፑ በላይ ቀጭ እያሉ የሚዘጉ አውቶማቲክ ቁልፎች ያሉት መሸፈኛ አለ። ኮሌታው እንደ ሸሚዝ ኮሌታ የሚተኛ፣ ሹል ነው። እጅጌው በቁልፍ ይዘጋል።

ከዚያ በ1965 ኤም-65 ተከተለ። ዛሬ «ሚሊተሪ ጃኬት» ሲባል የብዙ ሰው አእምሮ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ኮሌታው ቆሞ አንገት ይይዛል። ከኮሌታው ጀርባ ዚፕ አለ፤ ሲከፈት ተጠቅልላ የተቀመጠች ስስ ቆብ ትወጣለች። አንገቱና እጅጌው የሚዘጉት በቬልክሮ ነው፣ ያ ሲላቀቅ ጭርር የሚለው። ጀርባው ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች በኩል፣ ክንድ ሲዘረጋ የሚከፈት እጥፋት አለ። እጅጌው ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፈች ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ አለች፤ ስትዘረጋ የእጅን ጀርባ ከብርድ ትሸፍናለች። ርካሽ ቅጂ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሏት ይህችን ጨርቅ ነው። እኔ እጄን መጀመሪያ የምሰደው ወደዚያ ነው።

ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ፣ በአሜሪካ ትጥቅና ልብስ ነው የተዋጋው። የዚያ ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ውስጥ ያለ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ቅርጽ ነው። ስለዚህ የአያት ሳጥን ውስጥ የሜዳ ጃኬት ካገኛችሁ ነገሩ ሊሆን የሚችል ነው። ኤም-43 ወይም ኤም-50፣ ከመጨረሻዎቹ ዘማቾች ከሆነም ኤም-51። ኤም-65 ከሆነ ግን ከኮሪያ ጦርነት የመጣ አይደለም። ውጊያው የቆመው በ1953 ነው፤ ጃኬቱ ያኔ ገና አልተወለደም። አያት ዋሹ ማለት አይደለም። ልብሱ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።

ሌብሉን ማንበብ

ጃኬቱን ገልብጣችሁ አንገቱ ሥር እዩ። እዚያ ካጣችሁ ኪሶቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ ፈትሹ። በተለይ የኤም-43 ሌብል ኪስ ውስጥ መደበቅ ይወዳል።

የመጀመሪያው ነገር ስሙ ነው። የአሜሪካ ጦር ኤም-65ን ሌብሉ ላይ «ጃኬት» ሳይሆን «ኮት» ነው የሚለው። የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ኤም-65 ላይ የምታነቡት በፈረንጅ ፊደል «ኮት፣ ኮልድ ዌዘር፣ ማንስ፣ ፊልድ» የሚል ነው። ትልቅ ያማረ የንግድ ምልክት፣ ኮከብ፣ «ቪንቴጅ» የሚል ቃል ካለ ለሱቅ የተሠራ ነው። ለሱቅ የተሠራ መጥፎ ነው አላልኩም። አልፋ ኢንዱስትሪስ ለምሳሌ ከ1959 ጀምሮ ለጦሩ የሰፋ ድርጅት ሲሆን ለሲቪልም ይሸጣል። ለጦሩ የሰፋውና ለሱቅ የሰፋው ግን አንድ ዋጋ የላቸውም።

ሁለተኛው የውል ቁጥሩ ነው፣ ጦሩ ከሰፊው ድርጅት ጋር የተፈራረመው ውል ቁጥር። ወርቁ ያለው እዚህ ነው። «ዲኤስኤ 100» ብሎ ጀምሮ ከዚያ ሰረዝና ሁለት አኃዝ ይከተላል። እነዚያ ሁለት አኃዞች የበጀት ዓመቱ ናቸው። «ዲኤስኤ 100-69» ካለ ውሉ የተፈረመው በ1969 የበጀት ዓመት ነው። የአሜሪካ የበጀት ዓመት እስከ 1976 ድረስ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነበር፣ ልክ እንደ እኛ ሐምሌ ላይ። ስለዚህ 69 የሚል ሌብል ከ1968 አጋማሽ እስከ 1969 አጋማሽ ያለውን ይይዛል። በኋላ ወደ ኦክቶበር 1 አዛወሩት።

ዲኤስኤ ማለት የመከላከያ አቅርቦት ድርጅታቸው ነው፤ በ1961 ተቋቋመ። በ1977 ስሙ ተቀይሮ ዲኤልኤ ሆነ። ይህቺን ብቻ በቃላችሁ ብትይዙ እንኳን ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ዲኤስኤ የሚል ኤም-65 ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ነው። ዲኤልኤ የሚል ከዚያ ወዲህ ነው። «ዲኤልኤ 100-84» የሚል ጃኬት ይዞ «ቬትናም የዘመተ» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ጦርነቱ በ1975 እንዳበቃ በትህትና ንገሩት። ከዲኤስኤ በፊት ያሉት ላይ የኳርተርማስተር፣ ማለትም የጦሩ አቅርቦት ክፍል፣ ስም ታገኛላችሁ፤ የሁለተኛው ጦርነቶቹ ላይ የፊላደልፊያ ዴፖ ይጠቀሳል።

ሦስተኛው የዕቃ ቁጥሩ ነው። ኤም-65 ላይ በ8415 ይጀምራል። አኃዞቹን ቁጠሩ። 11 ከሆኑ የድሮው አሠራር ነው። 13 ከሆኑ ከ1974 በኋላ ነው፤ ያኔ ከአራቱ አኃዞች ቀጥሎ «00» ወይም «01» ጨመሩበት። ሌብሉ ላይ የውሉ ዓመት ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ ይህ ቆጠራ ያድናል። «ሚል-ሲ-43455» የሚለው ደግሞ የኤም-65 የአሠራር መመሪያ ቁጥር ነው። ኮራጆችም ይጽፉታል፤ ስለዚህ እሱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ።

ሌብሉ ደብዝዞ ከሆነ የስልካችሁን መብራት ከጨርቁ ጀርባ አብሩና ከፊት ፎቶ አንሱት። ከዚያ ፎቶው ላይ ኮንትራስቱን ከፍ አድርጉ። በዓይን የማይታይ ቁጥር ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ ብቅ ይላል።

አንድ ሌላ ቀላል ማጣሪያ አለ። ከ1941 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ «ቤሪ አሜንድመንት» የሚባል ሕግ አለ። መከላከያው ልብስ ሲገዛ አገር ውስጥ የተሠራ እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ ቻይና ወይም ሌላ አገር ተሠራ የሚል የአሜሪካ ጦር ጃኬት ካያችሁ ምርመራው እዚያው አለቀ።

ልኩን በተመለከተ፣ ሁለት ቃል ነው የሚጻፈው፦ አንዱ ለደረት፣ አንዱ ለቁመት። «ሚዲየም ሬጉላር» ከ37 እስከ 41 ኢንች ደረትና ከ67 እስከ 71 ኢንች ቁመት ላለው ሰው ነው። ይህም ወደ 94–104 እና 170–180 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከሥር ሹራብ የማትደርቡ ከሆነ ከምትለብሱት አንድ ልክ ዝቅ በሉ።

ዚፕና ትከሻ

ሌብል የሌለው ጃኬት ሁሉ ውሸት አይደለም። ወታደር ራሱ አንገቴን ቆረቆረኝ ብሎ ይቆርጠዋል። ያኔ ዚፑ ይመሰክራል።

የመጀመሪያዎቹ ኤም-65ዎች ዚፕ አሉሚኒየም ነው፣ ነጣ ብሎ የፈዘዘ። ከእነሱም ቀዳሚዎቹ ትከሻቸው ላይ ማዕረግ የሚደረግባት ማንገቻ የላቸውም። እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸውም ለዚህ ነው። ቀጥሎ ማንገቻ ያላቸው ግን አሁንም ባለ አሉሚኒየም ዚፕ የሆኑ አሉ። በ1970ዎቹ ዚፑ ወደ ነሐስ ዞረ፣ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ከበድ ያለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ፕላስቲክ ሆነ። ስለዚህ ፕላስቲክ ዚፕ በራሱ ውሸት አይደለም። ከ60ዎቹ ነው ተብሎ ሲቀርብ ነው ውሸት የሚሆነው። ዥጉርጉሩም ያው ነው፦ ዉድላንድ የሚባለው አረንጓዴ፣ ቡናማና ጥቁር ቀለም የመጣው በ1981 ነው።

የዚፑ መያዣ ላይ የተቀረጸውን ስም አንብቡ። ታሎን፣ ስኮቪል፣ ኮንማር የሚሉ የአሜሪካ ስሞች ታገኛላችሁ። ከዚያ ዚፑ የተሰፋበትን ክር ከጎኑ ካለው ስፌት ጋር አስተያዩ። የክሩ ቀለም ከተለያየ፣ ወይም ከስፌቱ ጎን የቆዩ የመርፌ ቀዳዳዎች በተርታ ከታዩ ዚፑ ተቀይሯል። የተቀየረ ዚፕ ጃኬቱን ውሸት አያደርገውም። ዋጋውን ይቀንሰዋል እንጂ፤ ለመደራደርም ይጠቅማል።

ጨርቅና ክር

ኤም-43 እና ኤም-51 ጥጥ ናቸው። ኤም-65 ግማሽ ጥጥ፣ ግማሽ ናይለን ነው። ሁሉም ሳቲን አሠራር ስለሆነ ከውጭ ለስላሳ ነው፤ በጣት ስትነኩት ግን ይጠጥራል፣ ክብደት አለው። ቅጂው ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ወይ እንደ ሸሚዝ ይሳሳል፣ ወይ እንደ ድንኳን ይደርቃል።

ያረጀበትንም ቦታ እዩ። እውነተኛ እርጅና ቦታ ይመርጣል። የኮሌታ ጫፍ፣ የእጅጌ ጠርዝ፣ የኪስ ክዳን፣ ክርን። እነዚህ ነጥተው ብብቱና የኮሌታው ሥር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ልብሱ ተለብሷል። በፋብሪካ እንዲያረጅ የተደረገ ጃኬት ግን ብብቱም ኪሱ ውስጥም እኩል ነጥቶ ይገኛል።

ሰማያዊ መብራት ካላችሁ፣ ያ ሱቆች የብር ኖት የሚመረምሩበት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩበት። የሁለተኛው ጦርነት ነው በተባለ ልብስ ላይ ስፌቱ ብቻ እንደ ኒዮን ካበራ ክሩ አዲስ ነው። ግን ተጠንቀቁ። ልብሱ በዘመናዊ የዱቄት ሳሙና ታጥቦ ከሆነ ጥንቱም ያበራል፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጫ ነው የሚያበራው። ስፌቱ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም? ጥያቄው እሱ ነው።

ምልክቶች

ሰው የሚታለለው በምልክት ነው። ስለዚህ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

ሥርዓቱ ይህ ነው፦ ከቀኝ የደረት ኪስ በላይ የወታደሩ ስም፣ ከግራው በላይ «ዩ.ኤስ. አርሚ»። ግራ ትከሻ ላይ አሁን ያለበት ክፍል፣ ቀኝ ትከሻ ላይ ከዚህ በፊት ጦር ሜዳ የዋለበት ክፍል። ስለዚህ በ1984 ጃኬት ቀኝ ትከሻ ላይ የቬትናም ዘመን ምልክት ቢገኝ ስህተት አይደለም፤ ሰውየው ዘምቶ ሊሆን ይችላል። ጃኬቱ ግን አልዘመተም።

ምልክቱ አብሮት የኖረ መሆኑን ለማወቅ ጠርዙን በቀስታ ቀና አድርጋችሁ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ እዩ። ምልክቱ ለዓመታት ከቆየ ከሥሩ ያለው ጨርቅ ፀሐይ አላየም፣ ከዙሪያው የጠቆረ ነው። ከሥሩም ከውጭም እኩል ከነጣ ትናንት የተሰፋ ነው። በተቃራኒው ደረቱ ላይ ምንም ሳይኖር ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ጥላና የመርፌ ቀዳዳ ካያችሁ ተነቅሏል። እንደ እኔ እንደ እኔ ያ ጥላ ከሐሰተኛ ምልክት ይበልጣል። እባካችሁ እሱን ለመሸፈን ብላችሁ ሌላ አትስፉበት። የሁለተኛው ጦርነት ምልክት ነው የተባለ ነገር ዙሪያው በወፍራም ክር እንደ ገመድ የተጠቀለለ ከሆነም ተጠራጠሩ፤ የዚያን ጊዜዎቹ ጠርዛቸው በመቀስ የተቆረጠ ነው።

ውስጡ ላይ በቀለም የተጻፈ አንድ ፊደልና አራት አኃዝ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። የወታደሩ የልብስ ማጠቢያ ምልክት ነው፦ የቤተሰብ ስሙ መጀመሪያ ፊደልና የወታደር ቁጥሩ የመጨረሻ አራት አኃዞች። አታጥፉት። ሙሉ ቁጥር ተጽፎ ከሆነ ግን ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ አትልቀቁ። ከ1969 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የወታደር ቁጥር ማለት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የአሜሪካውያን የግል መለያ ቁጥር፣ ነበር፤ ባለቤቱ በሕይወት ሊኖር ይችላል።

ማጠብ፣ ወይም አለማጠብ

የመጀመሪያ ኤም-65ቴን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ማንንም አላማም። ባመጣሁበት ቀን ማታ ሳፋ ውስጥ በኦሞ ዘፈዘፍኩት። ሽታው እንዲለቅ ብዬ አንድ ክዳን በረኪና ጨመርኩበት። ጠዋት ስነሳ ውኃው የሻይ ቀለም ይዟል። ጀርባው ላይ እንደ ካርታ የተዘረጋ ገረጣ ያለ ቦታ ወጥቷል። ሌብሉ ባዶ ነጭ ጨርቅ ሆኗል። ያቺን የውል ቁጥር ፎቶ እንኳን አላነሳኋትም ነበር። 60ዎቹ ይሁን 70ዎቹ እስከ ዛሬ የማውቀው በዚፑ ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ሌብሉን፣ ዚፑን፣ ስፌቱን፣ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ። ከዚያ ጥያቄው መታጠብ አለበት ወይ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ጥላ ውስጥ ንፋስ ባለበት ሁለት ሦስት ቀን ይሰቀል፣ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይቦረሽ። የመጋዘን ሽታ አብዛኛው በዚህ ይሄዳል። የሻገተ ከሆነ ውጭ አውጥታችሁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ቦርሹት። የአያት ጃኬት ከሆነ፣ ደም፣ ጭቃ ወይም ጽሑፍ ያለበት ከሆነ ጭራሹን ውኃ አታስነኩት።

ላብና ቅባት ጠጥቶ ጨርቁ ከተጣበቀ ግን ይታጠብ፤ ቆሻሻም ጨርቅ ይበላል። በነጭ እርጥብ ጨርቅ ከውስጥ በኩል አንድ ጥግ ሸት አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ተዉት። ካልለቀቀ ገበሩን አውጡ፣ ኪሶቹን ባዶ አድርጉ፣ ዚፑንና ቬልክሮውን ዝጉ። የተከፈተ ቬልክሮ ያገኘውን ክር ሁሉ ይቧጭራል። ጃኬቱን ገልብጡት።

ሳፋውን ለብ ባለ ውኃ ሙሉ፣ ከ30 ዲግሪ አይለፍ። ማንጫ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ትንሽ ጠብ አድርጉና ቀላቅሉ። ጃኬቱን ከትታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በእጅ ጫን ለቀቅ አድርጉት። አትፈትጉ። በረኪና፣ አቼቶ፣ ሎሚ የሚባል አይግባ፤ የመጀመሪያው ቀለሙን፣ ሁለቱ ብረቱን ይነካሉ። ኦሞና መሰሎቹን የምከለክለው ስለ ማንጫው ነው። የአሜሪካ ጦር ራሱ ወታደሮቹን ማንጫ ባለው ሳሙና አትጠቡ ይላል፤ ልብሱ በሌሊት ማያ መሣሪያ እንዳያበራ።

ውኃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቁ። ስታወጡት በሁለት እጅ ከሥሩ አቅፋችሁ አንሱት። ውኃ የጠጣ ጃኬት ከባድ ነው፤ በትከሻው ካንጠለጠላችሁት ያረጀው ስፌት ይሄዳል። አትጭመቁ። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ጠቅልሉና ጫኑት። ከዚያ ጥላ ውስጥ አስጡት። ማሽን ማድረቂያ አታሳዩት። ካውያ ግድ ከሆነ በትንሽ ሙቀት፣ በላዩ ጨርቅ አድርጋችሁ። ናይለኑና ቬልክሮው ሙቀት አይችሉም።

ጥገና

የማይሄድ ዚፕ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ጥርሶቹን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ፤ ከዚያ ጧፍ አሹበት። ሰሙ ያለሰልሰዋል። ዘይት አታድርጉ፤ ጨርቁ ላይ ይሄዳል። ከተዘጋ በኋላ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የመያዣው ነው፣ ስለሰፋ ነው። በፒንሳ ሁለቱን ጎን በጣም በትንሹ ጫን አድርጉት። አንዴ፣ ሞክሩ፣ ካልሆነ ድገሙ። ከተሰበረ ስለማይመለስ አትቸኩሉ።

ለተቀደደ ቦታ ከሥር ጥጥ ጨርቅ አድርጎ በእጅ መስፋት ይሻላል። ልብስ ሰፊ ጋ ከወሰዳችሁት ክሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፣ የጥጥ ክር፣ የነጣ አረንጓዴ። አለዚያ ጥሩ ሰው ሆኖ እንኳን ያለውን የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር አድርጎ ሲያበቃ «አዲስ አደረግሁልህ» ይላችኋል። አዲስ እንዲሆን አልነበረም የፈለግነው። ማቅለምም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ከተቀለመ ያ ሁሉ የሚነበብ ምልክት ይጠፋል።

ማስቀመጥ

ብል ጥጥና ናይለን ብዙም አይደፍርም። የሚወደው ሱፍ ነው። ስለዚህ የሚያሳስበው የኤም-51 ዘመን ጠጉራም የሱፍ ገበር ነው፤ የኤም-65 ገበር ተደራርቦ የተሰፋ ናይለንና ፖሊስተር ስለሆነ ከዚህ ነጻ ነው። ሱፉ ላይ ብል ከጠረጠራችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ከረጢቱን ወዲያው አትክፈቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ናፍታሊን አልወድም። ሽታው ከጃኬቱ በላይ ዕድሜ አለው።

ማንጠልጠያው ትከሻው ሰፊ ይሁን፤ ቀጭኑ የሽቦ ማንጠልጠያ ትከሻውን ያሾለዋል፣ ሲዝግም ያቆሽሻል። በፕላስቲክ አትሸፍኑት፣ እርጥበት ያፍናል። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ከሁሉ ይሻላል። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የተዘጋ ቁም ሳጥን ይሻግታል፤ መስከረም ሲጠባ አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ አንድ ቀን አናፍሱት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ቤዝመንት ውስጥ አታስቀምጡት።

መልበስን በተመለከተ፣ ልበሱት፤ ለመለበስ ነው የተሠራው። ሀገር ቤት ግን ዥጉርጉሩንና ማዕረግ ያለበትን ለብሶ መንገድ መውጣት ጣጣ ይጠራል። ቤት ይቀመጥ።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ። ከማን ገዛሁ፣ መቼ፣ ስንት፣ ሌብሉ ምን ይላል፣ ምኑን ጠገንኩ። ወረቀቱን አቡጀዲው ላይ በክር እሰሩት። ዚፑን ቀይራችሁ ከሆነ በተለይ እሱን ጻፉ፤ ነገ ከእናንተ የሚገዛው ሰው ገልብጦ ሲያየው የሁለተኛውን ረድፍ ቀዳዳ ማግኘቱ አይቀርም።